ባጃጁም ተገዘተ

በረኛ የሆንኩት ጎበዝ ስለነበርኩ እንዳይመስላችሁ። አባየ አንድ ቦታ እንዲቆም ተብሎ ነው።

አሠልጣኛችን ጋሸ ወንዳወቅ መጀመሪያ ክንፍ ላይ አሰልፎኝ ነበር። አባየ ግን ባጃጅ ነጂ ነው፤ ባጃጁን ይዞ በሜዳው ዳር ይከተለኛል። ስሮጥ ባጃጁ ይሮጣል፤ ስቆም ባጃጁ ይቆማል፤ ስወድቅ ጡሩንባው ይጮኻል። አንድ ቀን የማዕዘኗን ባንዲራ ገጭቶ ከነእንጨቷ ጣላት። ጋሸ ወንዳወቅ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ወይኒቱ፣ ነይ እስቲ በር ላይ ቁሚ፤ አባትሽም አንድ ቦታ ይርጋልን» አለ። የበረኝነት ታሪኬ ይኸው ነው። አሥር ዓመቴ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ያለው የትምህርት ቤታችን ሜዳ በሩ ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚና አንድ አግዳሚ ነው። መረብ የለውም። መረቡ አባየ ነበር። ባጃጁን አፍንጫውን ወደ እኔ አዙሮ ያቆመዋል፤ የፊት ጎማው ተረከዜን ሊነካ ምንም አይቀረው። ከፊቴ ኳስ፣ ከግራና ከቀኜ ቋሚ፣ ከኋላዬ አባየ። እንኳን ኳስ እኔም የማልፍበት ቀዳዳ አልነበረም።

«ግራ! ግራ አልኩሽ! ውጭ! ተመለሽ! ኸረ ዓይንሽን ክፈች! የማን ልጅ ነሽ!»

ኳሱን አይቼው አላውቅም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ጆሮዬን ወደ ኋላ ቀስሬ ነበር የምቆመው፤ ልክ እንደ በቅሎ። «ግራ» ሲል ወደ ግራ እወድቃለሁ፣ «ቀኝ» ሲል ወደ ቀኝ እወድቃለሁ። ድምፁ ከዘገየ እኔም እዘገያለሁ። ኳሱ ሲገባ ደግሞ ከኳሱ መግባት ይልቅ ቀጥሎ የሚመጣው ነበር የሚያስፈራኝ። እንደዚያም ሆኖ ከሁሉም ልጆች የበለጠ የምወደድ እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። የተከላካያችን የአይናለም አባት ሜዳ መጥቶ አያውቅም፤ አዝንላት ነበር። ጩኸት ፍቅር መስሎኝ ነበር መቼም።

ጋሸ ወንዳወቅ አንድ ሰሞን የበግ ማሰሪያ ገመድ ቀጣጥሎ በሜዳው ዙሪያ ወጠረና «ወላጅ ከገመዱ ወዲያ» ብሎ ዐወጀ። አባየ ገመዱን እግሩን አንሥቶ ተሻገረው።

«ጋሸ ያረጋል፣ ኸረ በሞቴ» አለው ጋሸ ወንዳወቅ። «ልጅቱ እኮ እርስዎን ነው የምትጠብቀው፤ ኳሱን መች ጠበቀችው?»

«እኔን ከጠበቀች መች ጠፋች! ይልቅ ገመድህን ሰብስበው፤ በግ ይጠፋብሃል።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ገመዱ ተሰበሰበ።

ከዚያ ቡሬዎች መጡ።

በአንድ ሚኒባስ እንደ ጤፍ ተጠቅጥቀው ነበር የመጡት። ከመሀላቸው አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች፣ ያምሮት የምትባል። ማሊያዋ ጉልበቷ ድረስ ይደርሳል፤ አንገቷ ከውስጡ እንደ ሽንኩርት አገዳ ብቅ ብሏል። እናቷም አብራ መጥታለች። እናቷ ሠርክአዲስ ትባላለች፤ ሸክላ ሠሪ ናት፤ የእኛ ገበያ ድረስ ድስትና እንስራ እያመጣች ስለምትሸጥ ፍኖተ ሰላም የማያውቃት የለም። ያን ቀን ከሰው ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ከጎኗ የውኃ ጀሪካን። አትጮኽም። ልጇ ኳስ በያዘች ቁጥር ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ትጥላለች፤ ኳሱ ካለፈ በኋላ ትገልጠዋለች። ይችስ ምን ልታይ መጣች ብዬ ነበር።

ያምሮት መጀመሪያ ስትመጣ አባየ «ግራ!» አለ፤ እኔ ግራ ወደቅሁ፤ ኳሱ በቀኝ ገባ። ሁለተኛ ስትመጣ «ቀኝ!» አለ፤ እኔ ቀኝ ወደቅሁ፤ ኳሱ በግራ ገባ። ከተመልካቹ መሀል አንዱ፣

«ያረጋል! ኸረ የባጃጅህ መሪ ተበላሽቷል! ጋራዥ አስገባው!» ብሎ ጮኸ።

ሳቁ ሜዳውን ዞረው። አባየ ሳቅ ሲደርስበት ጆሮው ይቀላል። ያን ቀን አንገቱ ሁሉ ቀላ። በቋሚው አጠገብ አልፎ ሜዳው ውስጥ ገባ፤ እጁን ወደ ያምሮት ዘረጋ።

«ይች ልጅ በእግሯ አይደለም ያገባችው፤ በዓይኗ ነው! የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗን ማን ያጣዋል! ዓይኗን ከልጀ ላይ አንሡልኝ! ልጀን በላችብኝ!»

እጄን አየሁ፣ እግሬን አየሁ። ሙሉ ነበርኩ።

ያምሮት ባለችበት ቆመች። አንድ ሰው ሲጮኽብን እኛ ልጆች የጮኸውን ሰው ነው የምናየው። እሷ ግን መሬት መሬቱን አየች። ቀጥሎ የማሊያዋን ጫፍ ወደ ላይ ሳበችና ዓይኗን ሸፈነች። እንደዚያው ተሸፍና፣ እየተደናቀፈች፣ ወደ እናቷ ሄደች። ሠርክአዲስ ጀሪካኑን አነሣች፣ ልጇን በእጇ ያዘች፣ ሚኒባሱን እንኳ ሳትጠብቅ ወደ አስፋልቱ ወጣች። የአንድ ጋሪ ፈረስ ቃጭል ከመንገዱ ሲንቃጨል ይሰማ ነበር።

ዳኛው አስቀጠለ። ያለ ያምሮት ቡሬዎች ምንም አልነበሩምና ሁለት አግብተን እኩል ለእኩል ወጣን። እኔ በሆዴ «አቤት አባየ!» አልኩ። አሥራ አንድ ልጅ ያቃተችውን አጥቂ በአንድ ጩኸት አስወጣት።

አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርትና እኔ ተኳርፈን ከተለያየን በኋላ ቡሬ ዘይት ፋብሪካ ገብቼ ካርቶን አሽጋለሁ። የዚያን ቀን ምን እንደተባለም ዐውቄያለሁ። ቡዳ ነሽ ነው ያላት። እንዲህ የተባለች ልጅ፣ የጎረቤት ሕፃን ባስመለሰው ቁጥር ስሟ ይነሣል። ውኃ ልትቀዳ ስትሰለፍ ከፊቷም ከኋላዋም ሰው ይሸሻል። ጋብቻዋም ሳይጠየቅ ይቀራል። አባየ ይኸን ሁሉ አጣርቶ ያውቅ ነበር፤ ለዚህም ነው የሚያመው። ባይበግን ኖሮ ይኸን ስድብ ከሆዱ አያወጣውም ነበር። ለአንዲት ኳስ አወጣው።

ያን ቀን ማታ እማየ ማዕድ አቀረበች። እማየ ንግሥቴ ትባላለች፤ ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ወጡን ሳታወጣ ድስቱን ራሱን አምጥታ አባየ ፊት ቁጭ አደረገችው። ቂጡ የጠቆረ የሸክላ ድስት።

«ይኸን ድስት ማን ሠራው?» አለች።

አባየ ድስቱን ትቶ እንጀራውን አየ።

«ያረጋል፣ ጠየቅሁህ እኮ።»

«የገበያ ነው።»

«ገበያ ድስት አይሠራም። ማን ሠራው?»

«ሠርክአዲስ» አለ፤ ወደ ጉሮሮው ውስጥ።

«ከተጋባን ጀምሮ በዚህ ነው የምንበላው። ወይኒቱም ጡት ጥላ መጀመሪያ የቀመሰችው ሽሮ በዚህ የተሠራ ነው። እስካሁን ማን ተበላ? ቁጠርልኝ እስቲ። ማን ሞተ?»

አባየ እጁን ታጥቦ ነበር፤ ግን አልቆረሰም፤ ተነሥቶ ወጣ። እኔ ሽሮውን ቀመስኩት። ጨውም አለው፣ በርበሬም አለው። ምን ሆነና ነው አልኩ። አዋቂ ሰው በድስት ሲጣላ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ እማየ ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች፤ ስትመለስ የንስሐ አባታችንን፣ አባ ገብረ ኢየሱስን አስከትላ መጣች። እንግዲህ የእኔ ቁምጣ ያን ጊዜ ታጥቦ በሩ ላይ ባለው ገመድ ተሰጥቷል። አባ ሲገቡ እርጥቡ ቁምጣ ጥምጥማቸውን ነካቸው። ቆም አሉ። በመቋሚያቸው ጫፍ ገለል አደረጉትና፣

«ይች ምንድን ናት?» አሉ።

«የወይኒቱ ናት አባ፤ የኳስ ልብስ» አለች እማየ።

«እህ» አሉ አባ።

ያን «እህ» አልረሳውም። እኔን «ውጭ ተጫወች» ብለው በሩን ዘጉት። ውጭ ተጫወች የተባለ ልጅ የት እንደሚሄድ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ከጓሮ በኩል፣ ከመስኮቷ ሥር ካለው የእንጨት ክምር ላይ ወጣሁ። የአባ ድምፅ ቅዳሴ የለመደ ነው፤ አንዱ ቃል ይሰማል አንዱ ይዋጣል።

«...በሕፃን ልጅ... በአደባባይ...» ከዚያ እማየ ትናገራለች፤ አይሰማም። ከዚያ አባየ «አጠፋሁ አባ» ይላል። አባየ ለሰው እንዲህ ሲል ሰምቼ ስለማላውቅ እንጨቱን ይዤ ቀረሁ። «...ኳስ ሜዳ ላይ... ስለ ኳስም ቢሆን... አንዲት ቃል ከአፍህ... እስክትክስ ድረስ... ገዝቼሃለሁ!»

ግዝት! ግዝት የካህን እስራት ነው፤ የተገዘተ ሰው ካልተፈታ ነፍሱም ተይዛ ትቀራለች። እየሮጥኩ አይናለም ዘንድ ሄድኩ። አይናለም ሁሉን ታውቃለች፤ የማታውቀውን ደግሞ የበለጠ ታውቃለች።

«በቁምጣሽ ነው» አለች ወዲያው።

«እንዴት?»

«አባ ቁምጣሽን አይተው እህ አላሉም? ሴት ልጅ ጭኗን አውጥታ በሕዝብ ፊት ስትወድቅ ስትነሣ፣ አባቷ ደግሞ ቆሞ በርች በርች ሲላት! ገዘቱታ። እንዳያናግርሽ።»

«አንችስ ለብሰሽ የለም እንዴ?»

«የእኔ ከጉልበት በታች ነው» አለች፤ ቁምጣዋን ወደ ታች እየጎተተች።

ነገሩ ልክ መጣ። አባን የጠራችው እማየ ናት፤ ድሮም ቁምጣውን አትወደውም ነበር። አባ ገዘቱ። አባየ ታሰረ። ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። እናቴ አሁን ይኸን ስነግራት እየሳቀች ታለቅሳለች። «እኔ እኮ ቁምጣሽን ያጠብኩት በማግሥቱ ልምምድ አለ ብዬ ነው» ትላለች።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ጠበበ። አባየ ለልምምድ በባጃጁ ይወስደኛል፤ መንገድ ላይ ስለ በርበሬ ዋጋ ያወራል፣ ስለ ቤንዚን ወረፋ ያወራል። «አባየ፣ ዛሬ አግዳሚውን ልንካው?» ስለው ከንፈሩን ነክሶ መንገዱን ያያል። ሜዳ ስንደርስ እንደ ድሮው ከኋላዬ ይቆማል። ግን ዝም። ከኋላዬ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል፤ ልክ በረት ውስጥ በጨለማ የቆመ በሬ። ዞሬ እንዳላይ ኳስ ይመጣል፤ ኳሱን እንዳይ ደግሞ ኳስ ማየት አልለመድኩም። ግራ የለም፣ ቀኝ የለም። መሀል ላይ ቆሜ እደነቁራለሁ። ኳሱ በጆሮዬ አጠገብ እያፏጨ ያልፋል።

ቁምጣው ነው ብያለሁና የእማየን አሮጌ ቀሚስ ከላይ ደረብኩበት። እስከ ቁርጭምጭሚት።

«ምንድን ነው ይኸ?» አለ ጋሸ ወንዳወቅ።

«ቀሚስ።»

«ቀሚስ መሆኑንማ አየሁት። ለምን?»

«ብርድ ነው።»

መጋቢት ነው፤ ሜዳው ላይ አቧራው ይጤሳል፤ የውሾቹ ምላስ መሬት ደርሷል። ጋሸ ወንዳወቅ አባየን አየ፤ አባየ ሰማይ አየ። ከልብስ ጋር መከራከር ያልለመደ ወንድ ስለሆነ ተወኝ። ዘልዬ ልይዝ ስል ቀሚሱ እግሬን ይጠልፈኛል። ባወልቀው አባየ እንደታሰረ ይቀራል። ብለብሰው እኔ ታስሬያለሁ።

አንድ ቀን፣ ልምምድ ላይ፣ ኳስ ስትመጣ ከኋላዬ «ጲጥ!» አለ። ጡሩንባው! ደንግጬ ወደ ግራ ወደቅሁ፤ ኳሱ ግራ ነበረች፤ ደረቴ ላይ አረፈች። ቀጥሎ «ጲጥ ጲጥ!» ቀኝ! ያዝኳት። አባየ መላ አግኝቷል! አፉ ቢታሰር ባጃጁ አልታሰረም። ያን ሳምንት እንደዚያ የያዝኩትን ኳስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልያዝኩም።

ግን አባ ገብረ ኢየሱስ ከቀብር ሲመለሱ በአስፋልቱ አለፉ። ጲጥ፣ ጲጥ ጲጥ ሰሙ። ቆሙ። ደጋግመው ሰሙ። ጃንጥላቸውን አጥፈው ሜዳውን በመሀል አቋርጠው መጡና መስቀላቸውን ከባጃጁ መሪ ላይ አሳረፉ።

«ባጃጁም ተገዝቷል!» አሉ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አይናለም መሬት ላይ ተንከባለለች። እኔ ብቻ ቀሚሱን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። አባት ተከለከልኩ፤ አሁን ደግሞ ባጃጅ ተከለከልኩ። ቀሚስ ለብሼም አልሆነም።

የመልሱ ጨዋታ ቡሬ ነበር። እኛ በሚኒባስ ሄድን፤ አባየ አባ ገብረ ኢየሱስን ጭኖ በባጃጁ ተከተለን። ስንወርድ አየሁ፤ ባጃጁ ውስጥ ከአባ እግር ሥር በጆንያ የተሸፈነ ነገር አለ። ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ከቡሬ በኩል መጥተው ከአባ ጋር ተንሾካሾኩ። «ዕረፍት ላይ ይሁን፤ ሰው ሁሉ እያየ» ሲሉ ሰማሁ። ምኑ እንደሆነ አልጠየቅሁም። የመጨረሻው ግዝት መሰለኝ። ምናልባት እኔኑ ሊገዝቱ ይሆናል አልኩ።

ያምሮት አልተሰለፈችም። የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ ከእናቷ ጎን መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ እናቷ ዘንቢሏን አቅፋለች። በዙሪያቸው ባዶ ነው፤ ሰው ራቅ ብሎ ነው የከበባቸው። ያምሮት ጨዋታውን አታይም። ሣር እየነጨች ጭኗ ላይ ትደረድራለች። እኛ ሜዳ የሰማው ሰው ቡሬ ድረስ ይዞት እንደመጣ ያን ጊዜ መች ገብቶኝ። አሟት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ጨዋታው ተጀመረ። እኔ ከፊት ይልቅ ወደ ኋላ ነበር የማየው። አባየ ዛሬ ከበሩ ኋላ አልቆመም፤ ባጃጁ ከጎን፣ ከመስመሩ ውጭ ነው። አይናለም ተጠልፋ ወደቀች። ዳኛው ዝም አለ። የእኛ ሰዎች «ሌባ! ዓይንህ የታለ!» እያሉ ዳኛው ላይ ወረዱበት፤ አንዱ ባዶ ፕላስቲክ ወረወረ። ይኼኔ ዞር ስል አባየ ጆንያውን ገለጠ። ድንጋይ ነው። ዐወቅሁት፤ ልብስ የምናጥብበት የጓሯችን ድንጋይ ነው። ጎንበስ ብሎ አቀፈው፣ ትከሻው ላይ አወጣው። አባ ክንዱን ይዘው «ትንሽ ቆይ እንጅ፣ ትንሽ ታገሥ» ይሉታል። አባየ አልሰማም። ወደ ሜዳው መጣ።

ዳኛውን ሊፈነክተው ነው!

ሌላ ምን ይታየኝ? አፉ ታሰረ፣ ባጃጁ ታሰረ፤ የቀረው ድንጋይ ነው። ፖሊስ ሲወስደው ታየኝ። በሩን ትቼ ሮጥኩ። ቀሚሱን በሁለት እጄ ሰብስቤ፣ «ወይኒቱ! በር! በር!» እያለ ጋሸ ወንዳወቅ ሲጮኽ፣ ሮጥኩ። ከኋላዬ ኳሱ ባዶው በር ውስጥ ገባ። ቡሬዎች መጮኽ ጀምረው ነበር፤ ግን እነሱም ድንጋዩን አዩትና ጩኸቱ መንገድ ላይ ቀረ።

የአባየ ወገብ ላይ ተጠመጠምኩ።

«አባየ ተው! በሞቴ ተው! ዳኛውን አትምታው! ቁምጣውን ትቻለሁ! ይኸው ቀሚስ ለብሻለሁ!»

ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ አናቴ ላይ ይወድቃል። አየኝ። ሊናገር አፉን ከፍቶ ዘጋው። ከዚያ እኔን እንደተጠመጠምኩ እየጎተተ ሄደ። ዳኛውን አለፈው። ጋሸ ወንዳወቅን አለፈው። ሠርክአዲስና ያምሮት የተቀመጡበት ሲደርስ ድንጋዩን እንደተሸከመ ተንበረከከ። ጉልበቱ መሬቱን ሲመታ እኔም አብሬ ወደቅሁ።

አገራችን ውስጥ ከባድ በደል የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው። ይኸን ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። በአደባባይ የተሰደበ በአደባባይ ይካሳል ብለው እነአባ ሜዳውን መርጠዋል፤ ድንጋዩን «ከቤትህ ይዘህ ሂድ፤ የቡሬን ድንጋይ አታስቸግር» ያለችው እማየ ናት። ዕረፍት እስኪደርስ መጠበቅ ለምን እንዳቃተው አባየን አንድ ቀን ጠይቄው ነበር። «ዳኛውን ሲሰድቡት ድምፃቸው የእኔን መሰለኝ» አለኝ።

አባ ገብረ ኢየሱስ እያለከለኩ ደረሱ። መስቀላቸውን ራሱ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታህ። ተናገር» አሉ።

የታሰረው ሁሉ ተፈታ፤ ጨዋታ ሙሉ የማይደክመው ያ አፍ ግን ቃል አጣ። «ልጅሽን... በአፌ... በማላውቀው... የለም፣ በማውቀው... ይቅር በይኝ፤ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ እመቤታችን» አለ።

ሠርክአዲስ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አላደረገችም። አየችው።

«እኔንስ ተወኝ» አለች። «እኔ ለምጀዋለሁ። እሷን ጠይቃት።»

አባየ ከነድንጋዩ ወደ ያምሮት ዞረ። ትልቁ አባየ ተንበርክኮ ከእሷ ጋር እኩል ሆኗል። ያምሮት ጭኗ ላይ የደረደረችውን ሣር አራገፈች። ሽማግሌዎቹ ተጨንቀዋል፤ ለልጅ ማን ምን ያስጠናል።

«ጋሸ፣ ይከብድዎታል?» አለች።

«ይከብዳል» አለ አባየ።

ድንጋዩን አየችው።

«እንግዲያ ያውርዱት።»

ድንጋዩን ያወረዱለት ጋሸ ወንዳወቅና አንዱ የቡሬ ሽማግሌ ናቸው። አንዲት የቡሬ ሴት እልል ልትል ጀመረችና ማንም ስላልተከተላት አፍራ ተወችው። ሠርክአዲስ ዘንቢሏን ከፈተች። የያምሮት ማሊያ ታጥቦ፣ ታጥፎ ከታች ተቀምጧል። እንደማትሰለፍ እያወቀች ይዛው መጥታለች።

ከዕረፍት በኋላ ያምሮት ገባች። አባየ ደግሞ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ፤ ያለ ባጃጅ፣ ባዶ እጁን። እኔ ግራ ገብቶኛል። ግዝቱ ተፈትቷል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ አሁን ያናግረኛል ብዬ ጆሮዬን እንደ ድሮው ወደ ኋላ ቀሰርኩ።

ያምሮት አይናለምን አለፈቻት። ብቻዋን መጣች። ግራ በል አባየ። ቀኝ በል። አንድ ነገር በል! ዝም። በሩ እንደ ሳጥን ጠበበኝ፣ ቋሚዎቹ ወደ እኔ የተጠጉ መሰለኝ፤ የማደርገው ሳጣ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የምትመጣብኝን ልጅ ፊት ለፊት አየኋት። እሷም አየችኝ። ዓይኗ ቡናማ ነው፣ እንደ ማንም ዓይን። በስተ ቀኝ ያለውን ቋሚ ቶሎ አየት አድርጋ ተመለሰች። ቀኝ! ማንም ሳይነግረኝ ዐወቅሁት! ወደ ቀኝ ዘለልኩ፤ ቀሚሱ ጉልበቴን ጠለፈኝ፤ እንደ ጆንያ ተዘረርኩ። ኳሱ ከጣቴ ጫፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው አለፈ።

አቧራ ውስጥ ተደፍቼ ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቅሁ። የመጣው ጭብጨባ ነው። አንድ ሰው ነው የሚያጨበጭበው። ዞሬ አየሁ። አባየ ነው፤ መዳፉ ላይ የድንጋዩ አፈር ገና አልተራገፈም።

ለእሷ ነው ያጨበጨበው፣ ሸጠኝ አልኩ። ጎንበስ ብሎ ከአፈሩ አነሣኝና ቀሚሱን በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገው።

«ይኸን ምን ይሁን ብለሽ ነው? ቁምጣሽን የት ጣልሽው?»

«ከሥር ነው» አልኩ። «ተገዝቷል አይደል?»

«ማን ገዘተው?»

«አባ። እህ ብለዋል።»

አባየ አባን አየ፤ መልሶ እኔን አየ። ነገሩ ሲገባው ፊቱ ላይ የሆነውን ልነግራችሁ አልችልም፤ መሳቅም ማልቀስም ነበር፤ ሁለቱንም ዋጣቸው።

«ልጀ፣ የተገዘተው የእኔ አፍ ነው» አለ። «አውልቂው በይ፤ ኳስ ሊጀመር ነው።»

ቀሚሱን አውልቄ ሰጠሁት። አጥፎ ድንጋዩ የነበረበት ትከሻው ላይ አደረገው፤ አፉን ገጠመ። ነፋሱ ጭኔን ነካኝ። ያምሮት እንደገና ኳሱን ይዛ በሜዳው መሀል ትመጣ ነበር። ከኋላዬ ድምፅ የለም። ወደ ኋላ አልዞርኩም።

ኳሱን አየሁት።